ዶሮዬ ታማለች፤ ማድቤት ልግባ ወይስ ሐኪም ልጥራ?

ዶሮ ሲታመምብን መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ማድቤት ነው። ነጭ ሽንኩርት እንቀጠቅጣለን፣ ፌጦ እንወቅጣለን፣ ሎሚ እንጨምቃለን፣ ሲብስ ደግሞ አረቄ እንግታለን። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዶሮ ይዞ ከእነዚህ አንዱን ያልሞከረ ሰው አላውቅም። እኔም በጓሮዬ ሀበሻና ሳሶ የሚባለውን የውጭ ዝርያ ቀላቅዬ ማርባት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የሰፈሩ ሰው ዶሮ በታመመበት ቁጥር "ቤት ላክማት ወይስ ሐኪም ጋ ልውሰዳት?" እያለ ይጠይቀኛል። ያየሁትንና ከሐኪሞች የሰማሁትን አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የቤት እንክብካቤ ለታመመችው ዶሮ ነው። ሐኪም ግን ከሁሉ በላይ ለቀሩት ነው። ይህን የያዘ ሰው መቼ ቤት መቆየት፣ መቼ መሄድ እንዳለበት አይጠፋውም።

ብዙ ሰው "የአንዲት ዶሮ ዋጋ ስንት ሆኖ ነው ሐኪም የምጠራው?" ይላል። ሒሳቡ ልክ የሚሆነው በግቢው ያለችው ዶሮ አንዲት ብቻ ስትሆን ነው። አሥር ዶሮ ላለው ሰው የታመመችው አንዷ ስለ ዘጠኙ ወሬ ይዛ የመጣች ናት። በበዓል ሰሞን አንድ ዶሮ ከሺህ ብር በላይ ያወጣል። እንግዲህ ዘጠኙን አስቡና የሐኪሙን ክፍያ ከዚያ ጋር አስተያዩት።

ከቤቱ ልጀምር። ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። ታማ ከታየች ቀድሞም ስትታመም ቆይታለች ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት ቤታቸውን ስትከፍቱ ቆም ብላችሁ እዩ። ሌሎቹ እየተጋፉ ሲወጡ ማን ቀረች? ጥሬ ሲበተን ማን አልሮጠችም? ላባዋን ነፍታ ኩርምት ያለች፣ ክንፏን የጣለች፣ በጠራራ ፀሐይ ዓይኗን የምትጨፍን ዶሮ ደህና አይደለችም።

ያኔ የመጀመሪያው ሥራ መድኃኒት ፍለጋ አይደለም፤ መለየት ነው። ሌላ ክፍል፣ ሌላ የውሃ ዕቃ። ምግብና ውሃ ስትሰጡ ሁልጊዜ ጤነኞቹን አስቀድሙ፣ የታመመችውን መጨረሻ ላይ እዩ። እጅ በሳሙና፣ ጫማም ይቀየር። በሽታ ከዶሮ ወደ ዶሮ ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ የእኛው ጫማ ነው።

ቀጥሎ ሙቀት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ጤነኛውንም ያንዘፈዝፋል። የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የታመመችው ደግሞ አትበላም፤ ካልበላች ይህን ሙቀት የምታመጣበት ጉልበት የላትም። እኔ ካርቶን ውስጥ ገለባ እጎዘጉዛለሁ። ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎኗ አደርግላታለሁ። ሲቀዘቅዝ እቀይራለሁ። ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል አታስቀምጡባት። የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ ዶሮ ደግሞ ከሰው ቀድማ ነው የምትወድቀው።

ከዚያ ውሃ። አትጠጣም ብላችሁ አፏን ፈልቅቃችሁ አትጋቷት። አንድ ቀን የጤነኛ ዶሮ አፍ በቀስታ ከፍታችሁ ተመልከቱ። ከምላሷ ኋላ እንደ ስንጥቅ ያለች ቀዳዳ አለች፤ በተነፈሰች ቁጥር ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። የአየር ቧንቧዋ እሱ ነው። ከላይ የሚንቆረቆር ነገር እዚያ ገብቶ ወደ ሳንባዋ ሊወርድ ይችላል። አረቄ ተግታ ወዲያው የሞተች ዶሮ ሲያጋጥም "በሽታው በርትቶባት ነው" ይባላል። አንዳንዴ የገደላት መጋቷ ነው። መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ጥቂት ውሃ ወስዳችሁ በአፏ ጠርዝ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉላት። ራሷ ትውጠዋለች።

በቤት ውስጥ በደንብ የሚታከሙ ነገሮችም አሉ። ተነካክሰው የቆሰሉ እንደሆነ ቁስሉን በጨው ውሃ አጥቦ አዮዲን መቀባት ይበቃል። ቁስሉ እስኪደርቅ ግን ለዩአት፤ ዶሮ ቀይ ነገር ካየች መጠቅጠቋን አትተውም። እግራቸው ላይ ቅርፊቱ ተነስቶ ሻካራ ከሆነ በዓይን የማይታይ ተባይ ገብቶበታል። እግሩን በሞቀ ውሃና ሳሙና አጥቦ ቫዝሊን ደጋግሞ መቀባት ተባዩን አፍኖ ይገድለዋል። ለቅማል ደግሞ ደረቅ አመድና አሸዋ የተቀላቀለበት ጉድጓድ አዘጋጁላቸው። ራሳቸው ገብተው ይታጠቡበታል። ክንፍ ሥርና ቂጥ አካባቢ ያለውን ላባ ገለጥ እያደረጋችሁ እዩ፣ ቅማሉ የሚሰፍረው እዚያ ነው። ላምባ የሚቀቡ፣ ይባስ ብለው ለእህል የተገዛ ፀረ ተባይ የሚረጩ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ላምባው ቆዳቸውን ያቃጥላል። የእህሉ መድኃኒት ዶሮዋን ይመርዛል፣ እንቁላሏን ለሚበላው ልጃችሁም አይሆንም።

እንቁላል የተሰነቀረባት ዶሮም አለች። ጎጆዋ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ታምጣለች፣ ምንም የለም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሆዷ እስኪሸፈን 20 ደቂቃ ያህል ማቆየትና ጨለም ያለ ጸጥተኛ ቦታ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይረዳታል። እንቁላሉን ውስጧ ለመስበር አትሞክሩ። በዚያው ዕለት ካልወጣላት ሐኪም ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ አረቄና ወደ ፌጦው ልመለስ። ሰፈራችን ውስጥ የማከብራቸው አንዲት እናት አሉ። "አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንቱን በአረቄ አድኛለሁ!" ይሉኛል። አይዋሹም፤ የዳኑ ዶሮዎች አሏቸው። ነገር ግን ዶሮ ብርድ መትቷትም ያስነጥሳታል፣ ምግብ አልስማማ ብሏትም ትቀዘቅዛለች። እንዲህ ያለው በራሱ ጊዜ ይለቃል። አረቄ የተሰጣትም ትድናለች፣ ያልተሰጣትም ትድናለች። ምስጋናው ለአረቄው ይሆናል። ነጭ ሽንኩርት በትንሹ ቢሰጥ ጉዳት የለውም፣ እኔም አልቃወምም። የምቃወመው እሱን እየሰጡ ሲጠብቁ የሚባክነውን ጊዜ ነው። ፈንግል የሚባለው የዶሮ ወረርሽኝ ግቢ ውስጥ ከገባ ሽንኩርትም አረቄም አይመልሰውም።

ከአረቄው የበለጠ የሚያሳስበኝ ካፕሱሉ ነው። ቀይና ቢጫዋን ቴትራሳይክሊን ፈትቶ ዱቄቷን ውሃ ውስጥ መበተን የተለመደ ሆኗል። መድኃኒቱ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው። ፈንግል ቫይረስ ነው፤ አይነካውም። መጠኑም ለዶሮ ክብደት የተለካ አይደለም። በትንሽ በትንሹ ሲሰጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ነገ ለራሳችን ስንፈልገው እምቢ ይለናል። ደግሞ መድኃኒቱ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። ማንኛውም የዶሮ መድኃኒት ሲገዛ "ስንት ቀን እንቁላሏ አይበላም? ስንት ቀን አትታረድም?" ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ባለ መድኃኒት ቤት ስለዚህ ስጠይቀው "ኧረ ችግር የለውም፣ ብሉት" ብሎ ሸኝቶኛል። እንዲህ ያለ ሰው ጋ ድጋሚ አትሂዱ። የቀኑ ብዛት መድኃኒቱ ዕቃ ላይ ተጽፏል።

የሐኪምን ጥቅም ያወቅሁት በጫጩቶች ነው። ነሐሴ ላይ ነበር፣ ዝናቡ የማያባራበት። አንድ ወር ገደማ የሆናቸው ጫጩቶቼ ላባቸውን እየነፉ መውደቅ ጀመሩ። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ "ፈንግል ነው፣ ይብቃሽ፣ የቀሩትን እረጃቸው" አለኝ። ጠዋት የሞቱትን ሁለቱን በፌስታል ደርቤ ቋጥሬ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሄድኩ።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው። "እትዬ፣ የሞተውን ይዘው መምጣትዎ ጥሩ አደረጉ" አለኝ። በጓሮ በኩል ወሰደኝ፣ ማዳበሪያ ጆንያ አነጠፈ፣ ጓንት አጠለቀ፣ አንዱን በመቀስ ከሆዱ ከፈተው። አንጀቱን ሲዘረጋው መጨረሻው አካባቢ ሁለት ጫፋቸው የተዘጋ ቱቦዎች አሉ። ጤነኛ ሲሆኑ ቀጫጭን፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ናቸው አለኝ። የእኔው ጫጩት ላይ ግን ሁለቱም አብጠው ጥቁር ቀይ ሆነዋል። አንዱን በመቀሱ ጫፍ ሲነካው የረጋ ደም ወጣ። ሁለተኛውንም ከፈተ፣ ያው ነው።

"ይሄ ፈንግል አይደለም፣ ኮክሲዲዮሲስ ነው" አለኝ። "ጉዝጓዙ እርጥብ ነው አይደል?" ቤቴን ያየው መሰለኝ። የውሃ ዕቃው ሥር ያለው ገለባ ሁልጊዜ ይርሳል። የበሽታው ተሕዋሲ ከኩስ ጋር ይወጣል። እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሌላውን ለመያዝ ዝግጁ ይሆናል። ጫጩቶቹ መሬት ሲለቅሙ ይውጡታል። በተለይ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ያሉትን ይጥላል።

አምፕሮሊየም አዘዘልኝ። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው፣ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፣ ሌላ ውሃ አይቀመጥም። ያዘዘው ቀን እስኪያልቅ ሻል ቢላቸውም አይቋረጥም። "ይበርቱ ብለው ቪታሚን አብረው እንዳይሰጡ" ሲልም አስጠነቀቀኝ። መድኃኒቱ የሚሠራው ተሕዋሲው ቪታሚን ቢ 1 እንዳያገኝ በማድረግ ስለሆነ፣ እኛ ቪታሚኑን ከጨመርንለት መልሰን አበረታነው ማለት ነው። ይህን በግምት ማን ያውቀዋል? እርጥቡን ገለባ ጠርጌ አውጥቼ ደረቅ ጎዘጎዝኩ፣ የውሃ ዕቃውን ጡብ ላይ ከፍ አደረግኩት። በጣም ከደከሙት ጥቂቶቹ ሞቱ። አብዛኞቹ ተረፉ፣ አድገውም እንቁላል ጣሉ። የሰፈሩን ምክር ሰምቼ ቢሆን ሁሉም ታርደው ነበር።

ስለዚህ የሞተች ዶሮ ካለች ዝም ብላችሁ አትቅበሯት። የመጀመሪያዋ ሟች የምትናገረው አላት። ትኩስ እንደሆነች፣ በሞተችበት ዕለት፣ በፌስታል ደርባችሁ አስራችሁ ለሐኪም አሳዩ። የእኛ አገር ብርድ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ቶሎ አትበላሽም። ቆላ ያላችሁ ግን ፈጠን በሉ። ከባድ ነገር ሲጠረጠር ሐኪሙ ናሙና ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ሰበታ ላቦራቶሪ ሊልክ ይችላል። በሕይወት ያለችውን የታመመች ዶሮ ግን የሰው ዶሮ በተጫነበት ባጃጅ ይዛችሁ አትዙሩ። መጀመሪያ ስልክ ደውሉ። ኩሱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ዕድሜያቸውን፣ ከየት እንደተገዙ፣ ምን እንደሚበሉ፣ መቼ እንደተከተቡ፣ ስንት እንደታመሙ ተናገሩ። ሐኪሙ ከዶሮዋ ይልቅ ብዙውን የሚያውቀው ከእናንተ አፍ ነው።

ፈንግልንም አይቼዋለሁ። ከፋሲካ ገበያ በኋላ ነበር የመጣው፤ ዶሮ ከየወረዳው ተጭኖ አንድ ቦታ ተከማችቶ፣ ያልተሸጠው ወደየቤቱ ሲመለስ በሽታውም አብሮ ይመለሳል። ምልክቱ አረንጓዴ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ እንቁላል ድንገት ማቆም ነው። ቀናት ካለፉ በኋላ አንገት ይጠማዘዛል፤ ዶሮዋ ጥሬውን ልትለቅም ስትል ምንቃሯ ወደ ጎን ይሄድባታል። ያልተከተበ መንጋ ላይ ከወደቀ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል። የጎረቤቴ ግቢ በሳምንት ውስጥ ባዶ ሆነ። ሐኪሙ መጥቶ አይቶ "የሚያድን መድኃኒት የለውም" ብሎ በግልጽ ነገራት። እሷም "ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?" ብላ ተቆጣች። ሐዘኗ ይገባኛል። ነገር ግን እሱ በመምጣቱ የሞቱት በጥልቅ ጉድጓድ ከኖራ ጋር ተቀበሩ፣ ውሻ አልጎተታቸውም። እኛ ጎረቤቶቿም ዶሮዎቻችንን ዘጋን። የእኔዎቹ ቀድመው ተከትበው ስለነበር ተረፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዶሮ መታመም ሲጀምር "ሳትሞት ልሽጣት" ብሎ ወደ ገበያ የሚሮጥ ሰው አለ። የሌላ እናት ቤት እሳት መጫር ነው። ኪሳራው ያማል፣ አውቃለሁ። ግን አይደረግም። የሞተችውንም ወንዝ ውስጥ፣ መንገድ ዳር አትጣሉ።

ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ ዘንድ ደግሞ የሚበዛው የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ወባ ባለበት ቆላ ትንኙ ያዛምተዋል። አናታቸው ላይ ባለው ቀይ ሥጋና በዓይናቸው ዙሪያ ኪንታሮት የመሰለ ቅርፊት ይወጣል። ይህ ቫይረስ ቢሆንም ቆዳ ላይ ብቻ ከቀረ አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። ቅርፊቱን አትላጡ። አዮዲን ቀቡት፣ ዓይናቸው ከተጣበቀ በጨው ውሃ አጥባችሁ ክፈቱላቸው። አይተው መብላት ካልቻሉ የሚሞቱት በረሃብ ነው። አፍና ጉሮሮ ውስጥ ቢጫ ነገር ከታየ ግን ትታፈናለች፤ ያኔ ሐኪም ጋ ነው። ለፈንጣጣም ክትባት አለው፣ በክንፍ ቆዳ ላይ ተወግቶ ይሰጣል።

ከሁለት በላይ ዶሮ በአንድ ሰሞን ከታመመ፣ አንዷ ድንገት ከሞተች፣ ኩስ ውስጥ ደም ወይም አረንጓዴ ከታየ፣ ፊታቸው አብጦ አፍንጫቸው የሚሸት ፈሳሽ ካወጣ፣ አንገት ከተጠማዘዘ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ቤት ተቀምጦ ሽንኩርት መቀጥቀጥ ይብቃ። አንዲት ብቻ ቀዝቀዝ ካለች ደግሞ ለይታችሁ፣ አሙቃችሁ፣ አጠጥታችሁ አንድ ቀን እዩአት። በማግስቱ ካልተሻላት ደውሉ። "እኛ ለከብት እንጂ ለዶሮ አንነሳም" የሚል ባለሙያ ሊያጋጥማችሁ ይችላል፣ እኔንም አጋጥሞኛል። ሌላ ፈልጉ። ወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት፣ ቀበሌው የልማት ሠራተኛ አለው፤ የግል ክሊኒክም እየበዛ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሐኪሙን ዶሮው ጤነኛ ሳለ ፈልጉት። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል፣ በወረዳችሁ ክሊኒክ ጠይቁ። ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንታቸው በዓይን ጠብታ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሲሞላቸው እንደገና ይከተባሉ፤ ከዚያ በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይደገማል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነና ከተከፈተ ስለማያድር አንድ ቤት ብቻውን ሲገዛው ይባክናል። እኛ ሰፈር የቡና ጎረቤታሞቹ ተሰብስበን ገንዘብ አዋጥተን ሐኪሙን በአንድ ጠዋት እናዞረዋለን። ከፋሲካ ገበያ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ክትባቱ ሰውነታቸው ውስጥ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። የታመመች ዶሮ አትከተብም። ከገበያ የተገዛች አዲስ ዶሮም ሦስት ሳምንት ያህል ለብቻዋ ሳትቆይ ከመንጋው አትቀላቀልም።

ክትባቱ በውሃ የሚሰጠው ከሆነ ማታውኑ ተዘጋጁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ክትባቱን ይገድለዋል። አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ወይም የምንጭ ውሃ ተጠቀሙ። ዕቃው በሳሙናም በበረኪናም ያልታጠበ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ የተለቀለቀ ይሁን። ጠዋት አንድ ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ከልክሏቸው፣ ሲጠሙ ይሽቀዳደማሉ። ብልቃጡ ከበረዶ ጋር በፔርሙዝ ይምጣ፣ ፀሐይ አይየው። ከተበጠበጠ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት። ፈሪዎቹና ታናናሾቹ በትልልቆቹ ተገፍተው እንዳይቀሩ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ አስቀምጡላቸው፣ እስኪጠጡም አጠገባቸው ቁሙ።